ዛፉ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት

እንጅባራን ዕድሜ የጠገቡ ሰዎች ዛሬም ኮሶ በር ይሏታል። ስሙ ራሱ ዛፍ ይጠራል። የኮሶ ዛፍ እስከ 20 ሜትር ሊያድግ ይችላል፤ ለመድኃኒት የሚፈለገው ቀላ ያለው የሴቴው አበባ ደግሞ ከቅርንጫፎቹ ጫፍ ላይ ተንዠርጎ ነው የሚታየው። የደጋው ሰው የጥሬ ሥጋን ጣጣ በኮሶ ያወርድ በነበረበት ዘመን፣ ያንን አበባ ለማውረድ አንድ ሰው መውጣት ነበረበት። የንብ መንጋ ለመያዝ ቀፎውን ከፍ ካለ ባላ ላይ የሚሰቅለው ገበሬም ቢሆን ከገመዱ ጋር ነው የሚወጣው።

ዛሬ ዛፍ ላይ ገመድ የሚያስሩት ሌሎች ናቸው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ቤተሰብ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ እንጅባራ አካባቢ ሲደርስ ዘንገና ሐይቅ ዳር አረፍ ይላል። ልጆቹ በዛፍ የተከበበውን ሐይቅ ሲያዩ መኪናው ውስጥ አይቀመጡም። አባት ከኮፈኑ ገመድ ያወጣል፣ አንዴ ሳብ ያደርገውና «ኧረ ይችላል!» ይላል። ይህ ፍተሻ አይደለም።

ፍተሻው የሚጀምረው ከገመዱ ሳይሆን ከዛፉ ነው። ዙሪያውን ዞራችሁ እዩት። ሥሩ አጠገብ እንጉዳይ በቅሏል? ግንዱ ተሰንጥቋል? ክረምት ያራሰው አፈር በአንድ ጎን ተነስቷል? ቅጠል የሌለው ቅርንጫፍ የሞተ ነው፤ ደረቅ እንጨት ደግሞ ሳያስጠነቅቅ ይሰበራል። ገመድ የሚያርፍበት ቅርንጫፍ ሕያው፣ ከግንዱ ጋር በደንብ የተያያዘና ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ ገመዱም ከግንዱ ሳይርቅ መጋጠሚያው አጠገብ ይረፍ። በአዊ ገበሬዎች ለከሰል በስፋት የሚተክሉት ዲከረንስ በጥቂት ዓመት የሚቆረጥ ቀጭን ዛፍ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ባሕር ዛፍንም እኔ አላምነውም፤ ቅርንጫፉን ሳይታሰብ የሚጥል ዛፍ ነው።

ወደ ገመዱ እንምጣ። ገበያ ላይ የሚሸጠው ሰማያዊና ቢጫ ገመድ ሁሉ «ናይለን» ይባላል። ብዙው ግን ፖሊፕሮፒሊን ነው። ለመለየት ቁራጩን ውኃ ውስጥ ጣሉት፤ ፖሊፕሮፒሊን ይንሳፈፋል፣ ናይለን ይሰምጣል። የሚንሳፈፈው ለዕቃ መጫኛ ጥሩ ነው፤ ሰው ለመስቀል ግን አይሆንም። ፀሐይ ቶሎ ትበላዋለች፣ ሲፋተግም በቀላሉ ይቀልጣል። ለሰው ተብሎ የሚሠራው ገመድ በአውሮፓ መለኪያ ቢያንስ 22 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም ከ2 ቶን በላይ መቻል አለበት። ለአንድ ሰው ይህ ሁሉ ለምን? ቋጠሮ ብቻውን ከገመዱ አቅም ሩቡን፣ አንዳንዴም ሲሶውን ይወስዳል፤ ዕድሜ፣ እርጥበትና የቅርፊት ፍትጊያ ደግሞ የየድርሻቸውን ይቀንሳሉ። ስለዚህ ባለሙያዎች ገመዱን የሚጠቀሙበት ከአቅሙ እስከ አንድ አሥረኛ ብቻ ነው። ከመስቀላችሁ በፊት ስንዝር በስንዝር በጣታችሁ ዳስሱት። የሳሳ፣ ያበጠ፣ የደረቀ ወይም የባትሪ አሲድ የነካው ክፍል ካገኛችሁ ገመዱ ለሰው አይሆንም።

ገመዱን ቅርንጫፉ ላይ ለማሳለፍ መውጣት አያስፈልግም። ሦስት መቶ ግራም ገደማ አሸዋ የያዘች ትንሽ ከረጢት በሲባጎ አስራችሁ ወርውሩ፤ ሲባጎው ሲያልፍ ገመዱን በእሱ ሳቡት። ከዚያ መሬት ላይ ሆናችሁ ፈትኑ፦ ሁለት አዋቂዎች ራሳቸው ላይ ሄልሜት አድርገው፣ ከቅርንጫፉ በቀጥታ ሥር ሳይቆሙ፣ መጀመሪያ ቀስ ብለው፣ ቀጥሎም ሙሉ ክብደታቸውን ጥለው ይሳቡት። ከጮኸ፣ ከተንጠራራ ወይም አቧራና ቅርፊት ካራገፈ ሌላ ዛፍ ፈልጉ።

ሁለት ሰው የሚያስፈልገው ያለ ምክንያት አይደለም። ገመዱ ቅርንጫፉ ላይ ዞሮ አንዱ ጫፉ ከግንዱ ግርጌ ከታሰረ፣ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሲንጠለጠል ቅርንጫፉ 140 ኪሎ ያህል ይሸከማል፤ ሁለቱም ወገን ወደ ታች ስለሚጎትተው። ዥዋዥዌም የራሱ ሒሳብ አለው። 30 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ገመዱ ከቀጥታው 60 ዲግሪ እስኪያዘም ከተወዛወዘ፣ ታች ሲደርስ ገመዱ ላይ የሚያርፈው 60 ኪሎ ነው። ታላቅ እህቱ አብራው ስትቀመጥ ምን እንደሚሆን አስሉት።

ስለ ሁለተኛ ገመድ የሚጠራጠር ሰው ደብረ ዳሞን ያስብ። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ አረጋዊ የተመሠረተው የትግራዩ ገዳም የሚወጣው 15 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ገደል ነው። እንግዳው በተገመደ ጠፍር እየተሳበ ሲወጣ፣ ወገቡ ላይ የታሰረውን ሌላ ጠፍር መነኩሴው ከላይ ሆኖ ይይዝለታል። የዛሬዎቹ የዛፍ ባለሙያዎችም የሚሠሩት በዚሁ ሐሳብ ነው፦ አንዱ ቢከዳ ሌላው ይይዛል።

በወገብ ብቻ መታሰር ግን ለአጭር ጊዜም ቢሆን አደገኛ ነው፤ የተንጠለጠለ ሰው መተንፈስ ያቅተዋል። ጭንና ወገብ የሚይዝ መታጠቂያ ይኑር። በእሱም ቢሆን ራሱን የሳተ ሰው ሳይንቀሳቀስ ተንጠልጥሎ ከቆየ በደቂቃዎች ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል፤ ስለዚህ ማንም ብቻውን አይውጣ፣ ታች ያለውም ሰው እንዴት እንደሚያወርደው አስቀድሞ ይወቅ። ለልጆች ቋጠሮ ስታስተምሩ ከስምንት ቁጥር ቋጠሮ ጀምሩ። ትክክል መሆኑ በዓይን ይታያል፣ ሸምቀቆም አይሆንም። ዥዋዥዌው ላይ ግን አንገት የሚያስገባ የላላ ቀለበት ከቶ አይተው።

ሲመሽ ገመዱን አውርዱት። የእንጅባራ ዝናብና ፀሐይ ያረጁታል፤ ጠዋት ሁሉም ከመንቃቱ በፊት ሾልኮ የሚወጣ ልጅም አይጠፋም። የቆሸሸ ከሆነ በንጹሕ ውኃ አጥባችሁ ጥላ ላይ አድርቁትና የገዛችሁበትን ወርና ዓመት ጽፋችሁ ጫፉ ላይ እሰሩበት።