የጠመንጃ አፈሙዝ፤ ብረቱና ልባሱ

የአደን ወይም የዒላማ ጠመንጃ በትእዛዝ የሚያሠራ ሰው ብዙ ጊዜ ጥያቄውን የሚጀምረው ከመልኩ ነው። ጥቁር ይሁን? ግራጫ ይሁን? ወይስ እንደ ብር ያንጸባርቅ? እኔ ግን መልክ መጨረሻ ላይ መምጣት አለበት ባይ ነኝ። አፈሙዝ ምን ዓይነት ልባስ ሊቀበል እንደሚችል የሚወስነው ከሥር ያለው ብረት ነው፤ ብረቱን ደግሞ የሚወስነው ጠመንጃው የሚውልበት ሥራ ነው።

አፈሙዝ ከውጭ ሲያዩት የተበሳ የብረት ዘንግ ነው። ሙያው ያለው ውስጡ ነው። በውስጡ እየተጠማዘዙ የሚሄዱ ቦዮች አሉ። አረሩ በባሩዱ ግፊት ሲያልፍ በቦዮቹ መካከል ከፍ ብሎ የቀረው ብረት ይነክሰውና ያሾረዋል፤ እየሾረ የወጣ አረር አየር ላይ አይገለባበጥም። በአሜሪካ አዳኞች ዘንድ በጣም የታወቀውን 308 ዊንቸስተር የሚባል የጥይት ዓይነት ብንወስድ፣ የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት ከከፍታ እስከ ከፍታ 7.62 ሚሊ ሜትር፣ ከቦይ እስከ ቦይ 7.82 ሚሊ ሜትር ነው። የአንዱ ቦይ ጥልቀት እንግዲህ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብቻ ነው። የአንድ ጠመንጃ ዒላማ መምታትና መሳት በዚህች ጥልቀት እኩልነት ላይ ተንጠልጥሏል።

አረሩን የሚያሾረው የቦዩ ጥምዘዛ ስለሆነ የመጀመሪያው ምርጫ የጥምዘዛው ፍጥነት ነው። ቦዩ አንድ ሙሉ ዙር ለመዞር ስንት ኢንች ይፈጅበታል? ለ308 የተለመደው 10 ወይም 12 ኢንች ነው። በእንግሊዝ ዉሊች የሒሳብ መምህር የነበረው አልፍሬድ ግሪንሂል በ1879 እ.ኤ.አ. ባወጣው ስሌት እንዳሳየው፣ አረሩ በረዘመ ቁጥር ፈጠን ያለ ጥምዘዛ ይፈልጋል። ረጅም አረር በዘገምተኛ ጥምዘዛ ቢተኮስ የዒላማውን ወረቀት በጫፉ ሳይሆን በጎኑ ቀዶት ያልፋል። አፈሙዝ ከማዘዝ በፊት የሚተኮሰውን አረር መወሰን የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ቦዩ የሚወጣበት መንገድም ይለያያል። አሮጌው መንገድ በአንዲት ትንሽ ስለት እየፋቁ ማውጣት ነው። ስለቷ በእያንዳንዱ ምልልስ የምትነሣው ብረት ከቁጥር የማይገባ ስለሆነ አንድ አፈሙዝ ለመጨረስ በመቶዎች የሚቆጠር ምልልስ ያስፈልጋል። በአሜሪካ ዊስከንሲን ያለው አፈሙዝ ሠሪ ክሪገር በዚህ መንገድ የታወቀ ነው። ሌላው መንገድ ከተንግስተን ካርባይድ የተሠራ፣ የቦዩ ቅርጽ ያለበት ጠንካራ ቁራጭ በቀዳዳው ውስጥ በኃይል ማሳለፍ ነው፤ የቴክሳሱ ሺለንና የሞንታናው ሊልያ የሚሠሩት እንዲህ ነው። ይሄኛው በጣም ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ብረቱን ስለሚያስጨንቀው አፈሙዙ እንደገና በምድጃ ግሎ ጭንቀቱ መውጣት አለበት። ሦስተኛው ቀዝቃዛውን ብረት በቅርጽ ላይ በመዶሻ መቀጥቀጥ ሲሆን፣ ብዙ ምርት በሚያመርቱ ትልልቅ ፋብሪካዎች የተለመደ ነው። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ጥሩ ነው የሚል ሰው ቢገጥማችሁ አትመኑት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት መንገዶች የተሠሩ አፈሙዞች ውድድር አሸንፈዋል። እኔ ከመንገዱ ይልቅ የምጠይቀው ውስጡ በእጅ ታሽቷል ወይ ብዬ ነው። ባለሙያው በቀዳዳው ልክ እርሳስ አቅልጦ ያፈስና የሚፍቅ ቅባት ቀብቶ ደጋግሞ ያመላልሰዋል። ያኔ ስለቱ የተወው ሻካራ ሁሉ ይለሰልሳል፤ ከአረሩ የሚቀረው የመዳብ ቆሻሻም ይቀንሳል።

ወደ ብረቱ እንምጣ። አባቶቻችን ዐድዋ ላይ የያዙት ውጅግራ በ1874 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 11 ሚሊ ሜትር እርሳስ በጥቁር ባሩድ የሚተኩስ ጠመንጃ ነበር። በ1886 እ.ኤ.አ. የፈረንሳዩ ለበን ጠመንጃ ጭስ አልባ ባሩድ ይዞ ሲመጣ ግፊቱም ሙቀቱም አደገ፤ የመዳብ ቅይጥ ልብስ የለበሱ አረሮችም አፈሙዙን ይበልጥ የሚፈትኑ ሆኑ። ጠንከር ያለ አረብ ብረት የተፈለገው ከዚህ የተነሣ ነው።

ዛሬ በትእዛዝ ለሚሠራ አፈሙዝ ምርጫው በአብዛኛው ሁለት ነው። አንደኛው 4140 የሚባለው፣ አንድ በመቶ ገደማ ክሮሚየምና ጥቂት ሞሊብዲነም ያለበት አረብ ብረት ነው። ሁለተኛው 416አር የሚባለው አይዝጌ ብረት ሲሆን፣ ክሮሚየሙ ከ12 በመቶ በላይ ነው። አይዝጌው ለቶርኖ ይመቻል፤ ውስጡም በደንብ ይለሰልሳል። የዒላማ ተወዳዳሪዎች የሚመርጡት ለዚህ ነው። ለአደን ግን 4140 ምንም አይጎድለውም፤ ዋጋውም ይቀላል። ሁለቱም ቢሆኑ ዘላለማዊ አይደሉም። የባሩዱ እሳት ከጥይት መጉረሻው ፊት ያለውን ቦይ ቀስ በቀስ ይበላዋል። የ308 አፈሙዝ ብዙ ሺህ ጥይት ይችላል፤ በጠባብ ቀዳዳ ብዙ ባሩድ የሚያቃጥሉት ዓይነቶች ግን ከዚያ ፈጥነው ያልቃሉ።

አሁን ልባሱ። ከሁሉ የምወደው አዝጋሚውን የማጥቆር ዘዴ ነው፤ ዝገትን በዝገት የሚከላከል ጥበብ ስለሆነ። ብረቱ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፤ ቅባት እንዳይቀርበት ይጠራል። ከዚያ የሚያዝግ ፈሳሽ በስሱ ይቀባና እርጥበት ባለው ሳጥን ውስጥ እስኪቀላ ይተዋል። ቀዩ ዝገት በንጹሕ የፈላ ውኃ ሲቀቀል ወደ ጥቁር ይለወጣል፤ ያ ጥቁር ብረቱን እንደ ቀዩ አይበላውም። ላዩ በለስላሳ የሽቦ ብሩሽ ይጠረግና ሥራው ከመጀመሪያው ይደገማል፤ ለቀናት። የሚወጣው ጥቁረት ጥልቅና የማያብረቀርቅ ነው። ፈጣኑ መንገድ አፈሙዙን 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሞቀ የኮስቲክ ሶዳና የናይትሬት ጨው ውስጥ መንከር ነው። በግማሽ ሰዓት ገደማ ያልቃል። ሆኖም በእስታኞ የተያያዘ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ እዚያ ውስጥ አይገባም፤ ሶዳው እስታኞውን ይበላዋል። ሁለቱም ልባሶች በጣም ስስ ናቸው፤ ዘይት ካልታከለባቸው ዝገትን ለረጅም ጊዜ አይገቱም።

የወታደር ጠመንጃ ብዙ ጊዜ የሚለብሰው ሻካራ ግራጫ ፎስፌት ነው፤ ዘይት ይዞ ያቆያል፤ ብርሃንም አይመልስም። ለውበት የሚመረጥ አይደለም።

እነዚህ ሁሉ ለ4140 ይሠራሉ። አይዝጌው ግን እንዳይዝግ የሚያደርገው ክሮሚየም ራሱ በተለመደው መንገድ እንዳይጠቁር ይከለክለዋል። አይዝጌ አፈሙዝ አሠርቶ አባቱ ጠመንጃ ላይ ያየውን ጥቁረት የሚጠብቅ ሰው የሚያዝነው እዚህ ላይ ነው። ለእርሱ በአብዛኛው የሚቀረው ወይ እንዳለ መተው፣ ወይ እንደ ሴራኮት ያለ የሴራሚክ ቀለም ነው። ብረቱ በሚረጭ ሻካራ ዱቄት ይፋቅና ቀለሙ በስሱ ተረጭቶ በምድጃ ይበስላል። ውፍረቱ 25 ማይክሮን ገደማ ስለሆነ የአፈሙዙ ጫፍና የጥይት መጉረሻው አስቀድመው መደፈን አለባቸው። ቀለም ወደ ውስጥ ከገባ ልኩ ይበላሻል።

ናይትሮጅን ማስረጽ ከነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። በላዩ የሚቀመጥ ልባስ አይደለም፤ 580 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ጨው ውስጥ የብረቱን ቆዳ ራሱን፣ የውስጡንም ጭምር፣ የሚያጠነክር ሥራ ነው። ለ4140 አፈሙዝ ዕድሜ ይጨምራል፤ በአይዝጌ ብረት ላይ ግን ዝገት የመከላከል አቅሙን ሊቀንስበት ይችላል። ከዚያ በኋላ ቆዳው ስለሚጠነክር ተራ መሣሪያ መጉረሻውን ደግሞ ለመቅረጽ ይቸገራል።

አፈሙዝ የምታሠሩ ሁሉ፣ ለባለሙያው አረሩን፣ ጥምዘዛውንና ብረቱን ሳትነግሩት ስለ መልክ አትነጋገሩ። ልባስ የሚጀመረው መጉረሻው ተቀርጾ፣ የጫፉ ጥርስ ወጥቶ፣ ጠመንጃው ተተኩሶ ከተፈተነ በኋላ ነው፤ ይህን ቅደም ተከተል የማይጠብቅ ባለሙያ ከገጠማችሁ ሥራውን ለሌላ ስጡት።