ያውቁ ኖሯል? ኤማና ሙሉ ሞክሼ ናቸው

(ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኤማ የጥንት ጀርመኖች ስም ነው። «ኤርመን» ከሚለው ቃላቸው የወጣ ሲሆን ትርጉሙም «ሙሉ፣ ሁሉን ያቀፈ» ነው። መነሻው ኤርመንትሩድን የመሳሰሉ ረጃጅም ስሞች ማሳጠሪያ መሆኑ ነው፤ እኛ ሙሉእመቤትን «ሙሉ» እንደምንላት።

የኖርማንዲዋ ኤማ ሁለት የእንግሊዝ ነገሥታትን አገባች፦ በ1002 ኤቴልሬድን፣ እሱ ሲሞት ደግሞ ዙፋኑን የያዘውን ዴንማርካዊ ክኑትን። ከሁለቱም የወለደቻቸው ልጆች ነገሡ። እንግሊዞች ስሟን ኤልፍጊፉ ብለው ቢቀይሩባትም ታሪክ የሚያውቃት በኤማነቷ ነው።

በአሜሪካ ከ2014 እስከ 2018 ለሴት ሕፃናት ከወጡት ስሞች ቀዳሚው ኤማ ነበር።

ደቡብ ሱዳን ውስጥ ግን ኤማ ሲባል የምትነሳው እንግሊዛዊቷ የእርዳታ ሠራተኛ ኤማ ማክዩን ናት። ጦርነት ባለበት አገር ትምህርት ቤት ስታስከፍት ቆይታ በ1991 ሪክ ማቻርን አገባች። ሪክ ያኔ የጁባ ባለሥልጣን አልነበሩም፤ ከጋምቤላ ማዶ ናስር ላይ የሰፈሩ የአማፂው ጦር አዛዥ ነበሩ። ጊዜው ደግሞ ደርግ የወደቀበት፣ ኢታንግ ተጠልለው የነበሩ ሱዳናውያን ስደተኞች በሶባት ወንዝ በኩል ወደ ናስር የጎረፉበት ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ሪክ ከአማፂዎቹ መሪ ከጆን ጋራንግ ተገነጠሉ። የጋራንግ ሰዎች ጥፋቱን በሙሽራዋ ላይ ደፍድፈው «የኤማ ጦርነት» አሉት። ፍርደ ገምድልነት ነው፤ የአዛዦቹ ቁርሾ ከሰርጉ በፊት የነበረ ነው፣ ለጋራንግ ጀርባ የነበረው ደርግም ወድቋል።

ኤማ በኅዳር 1993 ናይሮቢ ውስጥ መኪናዋ ከማታቱ ጋር ተጋጭቶ በ29 ዓመቷ ሞተች፤ ነፍሰ ጡር ነበረች። የተቀበረችው በባሏ አገር በሌር ነው።

ከጦርነቱ አውጥታ በአውሮፕላን ሸሽጋ ኬንያ ያስገባችው ሕፃን ወታደር ኢማኑኤል ጃል ዛሬ ስመ ጥር ራፐር ነው። «ኤማ» የሚል ዘፈን ሠርቶላታል፤ በሌር በስሟ ትምህርት ቤት ለማሠራትም ገንዘብ አሰባስቧል። የሁለቱ ስም ዘመዳም ይመስላል እንጂ አይገናኝም፤ አማኑኤል ዕብራይስጥ ነው።

ጁባ ላይ የባሕር ማዶ ስም ብዙ ጊዜ ብቻውን አይቆምም። በ2020 ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው የተሾሙትን የጋራንግን ባለቤት ርብቃ ኛንዴንግን ይውሰዱ፦ ርብቃ ከመጽሐፍ ቅዱስ፣ ኛንዴንግ ከዲንቃ፤ «የዴንግ ልጅ» ማለት ነው። ዴንግ ዝናብም ነው፣ የሰማይ ኃይልም ነው።

የጁባ ባለ አገሮች ባሪዎች ደግሞ ለልጅ ስም የሚያወጡት በተወለደበት ተራ ነው። ስሙን የሰማ የአገሩ ሰው ስንተኛ ልጅ እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልገውም።