የሰንበት ርእስ ከማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በሰሜን አሜሪካ የሚያድጉ ልጆቻችን በጓደኞቻቸው ተጋብዘው «ዩኒቴሪያን ዩኒቨርሳሊስት» በሚባሉ ጉባኤያት የእሑድ መርሐ ግብር ላይ ሊገኙ ይችላሉ። ሲመለሱም «ስለ ፍቅርና ስለ ይቅርታ ነው የተማርነው፤ ከእኛ በምን ይለያል?» ብለው ቢጠይቁ ጥያቄያቸው የሚሻው ቁጣን ሳይሆን መልስን ነው። ስለዚህ የእነዚህ ጉባኤያት የእሑድ ርእስ ከየት እንደሚመጣ፣ የእኛም ሰንበታት ስማቸውን ከየት እንዳገኙ እንመለከታለን።

«ዩኒቴሪያን» የሚለው ስያሜ እግዚአብሔር በአካልም አንድ ብቻ ነው በማለት ምሥጢረ ሥላሴን ለማይቀበሉ ሰዎች የተሰጠ ነው። እኛ «አንድ አምላክ» ስንል በባሕርይና በመለኮት አንድ፣ በስም፣ በአካልና በግብር ሦስት ማለታችን ነውና ቃሉ ቢመሳሰልም ትርጉሙ የተለያየ ነው። በአሜሪካ፣ በቦስተን ከተማ የሚገኘው ኪንግስ ቻፕል እ.ኤ.አ. በ1785 የጸሎት መጽሐፉን ሲያሻሽል ምሥጢረ ሥላሴን የሚያነሡ ቃላትን አወጣ። በ1819 ዊልያም ኤለሪ ቻኒንግ በባልቲሞር ባሰማው ስብከት ትምህርቱን በይፋ ገለጠ። በ1832 ደግሞ ራልፍ ዋልዶ ኤመርሰን የጌታን እራት ሥርዓት መምራትን ባለመፈለጉ በቦስተን የነበረውን አገልግሎት ተወ። በ1961 የዩኒቴሪያንና የዩኒቨርሳሊስት ማኅበራት ተቀላቅለው ዛሬ ያለውን ማኅበር መሠረቱ። አባላቱ የሚገደዱበት የሃይማኖት ጸሎት የለም፤ ከመካከላቸው ክርስቲያን ነን የሚሉ እንዳሉ ሁሉ በእግዚአብሔር መኖር የማያምኑም አሉ።

የእሑድ ስብሰባቸው ብዙውን ጊዜ በጽዋ ላይ እሳት በማብራት ይጀመራል። መዝሙር ይዘመራል፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ፣ ከሌሎች እምነቶች መጻሕፍት ወይም ከግጥም ይነበባል፤ ስብከት ይከተላል። በርካታ ጉባኤያት ለየወሩ አንድ ርእስ ይመድባሉ፤ ለምሳሌ ምስጋና፣ ተስፋ፣ ይቅርታ ወይም ፍትሕ። ስብከቱም፣ የልጆች ትምህርቱም፣ የውይይት ቡድኑም በዚያው ርእስ ዙሪያ ይሆናል። ርእሱን የሚመርጡት አገልጋዩና የጉባኤው አባላት ናቸው። የጋራ እምነት ለሌላቸው ሰዎች አብሮ የሚያስቀምጣቸው የጋራ ርእስ ያስፈልጋቸዋልና።

ከሥርዓቶቻቸው አንዱ ይህን በጉልህ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1923 ኖርበርት ቻፔክ የተባለ አገልጋይ በፕራግ ከተማ የአበባ ሥርዓትን ጀመረ። እያንዳንዱ ሰው አበባ ያመጣል፤ ሲመለስ ሌላው ያመጣውን አበባ ይዞ ይሄዳል። ቻፔክ ይህን የሠራው ጉባኤው የኅብስቱንና የወይኑን ሥርዓት ስላልወደደ፣ በእርሱ ፈንታ አንድ የሚያደርጋቸው ምልክት ፈልጎ ነበር።

አበባ በእኛም ቤተ ክርስቲያን አለ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባሉት 40 ቀናት በዘመነ ጽጌ ሊቃውንቱ ማኅሌተ ጽጌን ሲቆሙ ያድራሉ። በዚያ አበባዋ እመቤታችን፣ ፍሬው ጌታችን ሆኖ ይመሰገናል። ማኅሌቱ ሲፈጸም ቅዳሴው ይቀጥላል፤ ምእመናንም ቅዱስ ሥጋውንና ክቡር ደሙን ይቀበላሉ። እዚያ አበባው የኅብስቱን ቦታ ወሰደ፤ እኛ ዘንድ ግን አበባው ወደ መሠዊያው ያደርሰናል።

የሰንበቶቻችን ስያሜም እንዲሁ ነው። በዐቢይ ጾም ቅዱስ ያሬድ በጾመ ድጓው የዘመረባቸው እሑዶች በክርስቶስ ሥራና ትምህርት ይጠራሉ። ዘወረደ አካላዊ ቃል ስለ እኛ መውረዱን፣ መጻጉዕ 38 ዓመት የታመመው ሰው መፈወሱን፣ ገብር ኄር ጌታ ስለ ታማኙ አገልጋይ ማስተማሩን ያስታውሳሉ። የዕለቱን መልእክታት፣ ምስባክና ወንጌል የሚወስነው ግጻዌ ነው፤ ካህኑም ዲያቆኑም የተሰጣቸውን ያደርሳሉ እንጂ የወደዱትን አይመርጡም። ርኅራኄን የምንማረው ከመጻጉዕ ፈዋሽ ነው፤ ታማኝነትንም ከራሱ ከጌታ ቃል። ምግባሩ ባለቤት አለው።

እነዚህ ጉባኤያት ስደተኛን መርዳታቸውና ስለ ፍትሕ መቆማቸው በጎ ነው፤ ጎረቤቶቻችንም ናቸውና ልናከብራቸው ይገባል። ነገር ግን ፍቅርን እንደ ርእስ መወያየትና ፍቅር የሆነውን አምላክ ማምለክ አንድ አይደሉም።

ስለዚህ ወላጆች ቅዳሜ ማታ የነገውን ወንጌል ልጆች በሚረዱት ቋንቋ፣ እንግሊዝኛም ቢሆን፣ አብረው ያንብቡ። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራንም የእሑዱን ስም ትርጉም ከቅዳሴ በኋላ በአጭሩ ያስረዱ። እሑዱ ለምን መጻጉዕ እንደተባለ የሚያውቅ ልጅ «ከእኛ በምን ይለያል?» ለሚለው ጥያቄ ራሱ መልስ ይኖረዋል። ያልነገርነውን ግን ከየት ያመጣዋል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።