ወደ ቆዳው የሚመለስ ጺም

ቅዳሜ ከሰዓት ፀጉር ቤት ገብቶ ጺሙን ሙልጭ አድርጎ የተላጨ ሰው እሑድን ለስላሳ ጉንጩን እየዳበሰ ይውላል። ሰኞ አንገቱ አካባቢ ያሳክከዋል። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ መስተዋት ፊት ሲቆም ከአገጩ ሥር እስከ አንገቱ ጠጠር ያሉ ትንንሽ እብጠቶች ወጥተው ያገኛል፤ አንዳንዶቹ ጫፋቸው ላይ መግል ቋጥረዋል። «ምላጩ ቆሻሻ ነበር» ይላል፤ ወይም «ቆዳዬ ምላጭ አይወድም» ብሎ ይተወዋል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ እብጠቶቹ እንዳይታዩበት ከበፊቱ ይበልጥ አስጠግቶ ይላጫል። ያን ጊዜ ነገሩ ይብሳል።

እነዚህ እብጠቶች ብጉር ቢመስሉም ብጉር አይደሉም። መነሻቸውም ጀርም አይደለም። ሰውየውን የወጋው የገዛ ፀጉሩ ነው።

ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ ያለው ጊዜ ራሱ ምክንያቱን ይናገራል። የጺም ፀጉር በቀን ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊሜትር ገደማ ያድጋል፤ በሦስት ቀን አንድ ሚሊሜትር ያህል መሆኑ ነው። ቀጥ ያለ ፀጉር ይህን ያህል ሲያድግ ወደ ውጭ ይወጣል። የጥቅልል ፀጉር ግን ከቆዳ ሥር ያለው መብቀያ ጉድጓዱ ራሱ የታጠፈ ስለሆነ ፀጉሩም እንደ ማጭድ ጎብጦ ነው የሚያድገው። ምላጭ ሲቆርጠው ጫፉ እንደ ተቀረጸ እርሳስ ይሾላል። ሾሎም ጎብጦም የሚያድግ ነገር ጥቂት እንደወጣ ዞሮ ቆዳውን ይወጋል። ሰውነት ደግሞ ውስጥ የተሰካው የራሱ ፀጉር መሆኑን አያውቅም፤ እንደ እሾህ ቆጥሮ ይዋጋዋል። ማበጡ፣ ማሳከኩና መግሉ የዚህ ውጊያ ምልክቶች ናቸው።

ሁለተኛም መንገድ አለ። ቆዳ በጣት ተወጥሮ ሲላጭ ፀጉሩ ከቆዳው ወለል በታች ይቆረጣል። ቆዳው ሲለቀቅ የሾለው ጫፍ ወደ ውስጥ ይሸሻል፤ ማደግ ሲጀምርም ገና ወደ ውጭ ሳይወጣ የጉድጓዱን ግድግዳ ይበሳል። በተላጩ ማግስት እጅ ሲዳብሰው ምንም የማይሻክረው ያ የሚያምር ልስላሴ ብዙ ጊዜ የዚህ መዘዝ መጀመሪያ ነው።

አሜሪካውያኑ የቆዳ ሐኪሞች ጆን ስትራውስና አልበርት ክሊግማን እ.ኤ.አ. በ1956 ስለዚህ ችግር ባሳተሙት ጽሑፍ የተጠቀሙበት ስም «ሱዶፎሊኩላይቲስ» ነው፤ «ሐሰተኛ የፀጉር ጉድጓድ ብግነት» እንደማለት። ጀርም ያመጣው ይመስላል፣ ግን አይደለም ማለታቸው ነው። ጀርም ሊገባ የሚችለው በኋላ፣ ቆዳው ከተበሳና ከተቧጠጠ ወዲያ ነው። በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶች ከሚላጩ ጥቁር ወንዶች መካከል ከ45 እስከ 83 በመቶ የሚሆኑት ይህ ችግር እንዳለባቸው ይገምታሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ደግሞ ፀጉሩን በጉድጓዱ ውስጥ አቅፎ የሚይዘውን ስስ ሽፋን ከሚሠሩት የኬራቲን ዘረመሎች በአንዱ ላይ ትንሽ ልዩነት ያላቸው ሰዎች የመጠቃት ዕድላቸው ወደ ስድስት እጥፍ እንደሚጠጋ አሳይቷል። የእኛ አገር ሰው ፀጉር ከዞማ እስከ ከርዳዳ ይደርሳልና፣ አንዱ በየቀኑ ተላጭቶ ምንም ሳይሆን ሌላው በሳምንት አንዴ ተላጭቶ የሚሰቃየው የንጽሕና ጉድለት ስላለበት አይደለም።

ከዚህ የሚለይ፣ ግን አብሮት የሚመጣ ሌላ ጉዳት አለ፤ ወዲያው እንደተላጩ የሚሰማው መለብለብ ነው። የቆዳችን የላይኛው መከላከያ ሽፋን በአብዛኛው የሰውነታችን ክፍል ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ብቻ ነው፤ አንድ ሚሊሜትር አንድ ሺህ ማይክሮሜትር መሆኑን አስቡት። ምላጭ ፀጉሩን ሲቆርጥ ከዚህ ሽፋንም ይፍቃል። የደነዘ ምላጭ ሲሆን ደግሞ መጫንና መደጋገም ግድ ስለሚል መፋቁ ይበዛል። ምላጭ ቶሎ የሚደንዝበትን ምክንያት የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 በማይክሮስኮፕ አይተውታል፦ ፀጉር ከብረቱ 50 ጊዜ ያህል የሚለሰልስ ቢሆንም፣ ጎንበስ ብሎ ስለቱን ሲገፋው ጠርዙን ይሸርፈዋል።

እንግዲህ መከላከያው ከምክንያቱ ይወጣል። መጀመሪያ ውኃ ነው። የጺም ፀጉር ለብ ባለ ውኃ ለጥቂት ደቂቃ ሲርስ ይለሰልሳል፤ ለመቁረጥም ብዙ ኃይል አይጠይቅም። ስለዚህ ከገላ መታጠብ በኋላ፣ አረፋ ወይም የመላጫ ክሬም ቀብቶ ትንሽ ጠብቆ መላጨት ከደረቅ መላጨት በእጅጉ ይሻላል። ቀጥሎ አቅጣጫ ነው። ጺማችሁን በጣት ዳብሱትና ወዴት እንደተኛ እዩ፤ አንገት ላይ ወደ ጎን ሊዞር ይችላል። ምላጩ በተኛበት በኩል ይሂድ። ሽቅብ አትላጩ፣ ቆዳውን አትወጥሩ፣ አትጫኑ፣ አንድን ቦታ አትደጋግሙ። ባለ ብዙ ምላጭ መላጫ የፊተኛው ስለት ፀጉሩን ስቦ ኋለኛው ከሥር እንዲቆርጠው ሆኖ የተሠራ ነው፤ ፀጉሩ ለተጠቀለለበት ሰው ባለ አንዱ ይመረጣል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ቶንዶስ ነው። ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊሜትር የሚሆን ጺም ከቆዳው በላይ ሲቀር፣ ጫፉ ከቆዳው በታች የመሸሽ ዕድል አያገኝም። እብጠቱ ከበዛባችሁ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መላጨት አቁሙ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊብስ ይችላል፤ ፀጉሩ እየረዘመ ሲሄድ ግን እንደ ሞላ ተፈናጥሮ ራሱን ከቆዳው ይነቅላል።

ከተላጩ በኋላ አልኮል ማፍሰስ በየፀጉር ቤቱ የተለመደ ነው። ማቃጠሉን ብዙዎች የመሥራቱ ምልክት አድርገው ይወስዱታል። አልኮል ጀርም ቢገድልም የተፋቀን ቆዳ ያደርቃል፤ የተሰካውን ፀጉር ግን አያወጣውም። ሎሚ የሚያሹም አሉ፤ የሎሚ ጭማቂ ለቆሰለ ቆዳ እጅግ የበረታ አሲድ ነው። ቀዝቃዛ ውኃና ሽታ የሌለው ማለስለሻ ቅባት ይበቃል። እብጠቱን አታፍርጡት። ፀጉሩንም በወረንጦ አትንቀሉት፤ የተነቀለ ፀጉር እንደገና ከሥር ሲበቅል ያንኑ ግድግዳ ሊበሳ ይችላል።

ይህ ሁሉ ለሴቶችም ይሠራል። ከተላጩ በኋላ ብብትና ጭን ላይ የሚወጣው እብጠት ብዙ ጊዜ ከዚሁ የመጣ ነው። በዋክስ፣ በክር ወይም በዐረብ አገር በለመዱት የስኳር ሐላዋ መንቀልም አዲሱን ፀጉር ሲበቅል ከቆዳ ሥር ሊያስቀረው ይችላል። የፀጉር ማስወገጃ ክሬም ጫፉን ስለማያሾለው የተሻለ ነው፤ ሆኖም ኬሚካሉ ቆዳን ሊያቃጥል ስለሚችል በትንሽ ቦታ ሞክሮ አንድ ቀን መጠበቅ ይገባል። በሌዘር ለሚያስወግዱ ለጥቁር ቆዳ የሚመረጠው ኤንዲ-ያግ የሚባለው ዓይነት ነው።

በአንድ ነገር ግን ቸልታ አይገባም። ምላጭ አትጋሩ፤ አዲሱ በፊታችሁ ይፈታ። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ሰባት ቀን ይቆያል፤ መላጫውን በአልኮል ጠረግ ማድረግ ብቻም አያስተማምንም። እብጠቱ እየጠነከረ ወደ ጠባሳ ከሄደ፣ መግሉ ከበዛ ወይም ትኩሳት ካመጣ ወደ ቆዳ ሐኪም ሂዱ። ከፋርማሲ በራስ ፈቃድ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ገዝቶ ለወራት መቀባት ቆዳውን ያሳሳዋል።

ያ የቅዳሜ ደንበኛ በሚቀጥለው ሳምንት ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ «በደንብ አስጠግተህ ጥረግልኝ» ማለቱን ይተው። «ወንድሜ፣ በቶንዶስ ዝቅ አድርግልኝ፤ ምላጭ አታስነካው» ይበል። እሑድ ጉንጩ ትንሽ ይሻክረዋል። ረቡዕ ግን መስተዋቱ ፊት ሳይሳቀቅ ይቆማል።