የአዳኝ ዳክዬና የጫጩት ንግድ

በፈረንሳይ አገር በስተሰሜን፥ የሶም ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ረግረግ ዳር፥ ግማሽ አካላቸው በመሬት ውስጥ የተቀበረ የአዳኝ ጎጆዎች ይታያሉ። አዳኙ ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ጥር ባለው ጊዜ በጎጆው ተቀምጦ፥ በጠባብ መስኮት ወደ ኩሬው እየተመለከተ ሌሊቱን ያነጋል። በኩሬው ላይ በገመድ የታሰሩ ሕያዋን ዳክዬዎች ይንሳፈፋሉ፤ እነርሱም በጮኹ ጊዜ በሰማይ የሚያልፉት የዱር ዳክዬዎች ወገኖቻቸውን ያገኙ መስሏቸው ይወርዳሉ። ፈረንሳዮች እነዚህን የታሰሩ ዳክዬዎች «አፔላን» ይሏቸዋል፤ ትርጓሜውም «ጠሪ» ማለት ነው። የአሜሪካ መንግሥት በሕያው ጠሪ ማደንን በ1935 እ.ኤ.አ. ከልክሎታል፤ በፈረንሳይ ግን ልማዱ በሕግ ተወስኖ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ይህ የባዕድ አገር አደን ለኢትዮጵያ ነጋዴ ምን ያገባዋል የሚል ይኖር ይሆናል። የሚያገባው በጫጩትና ለመፈልፈያ በሚሆን እንቁላል ንግድ በኩል ነው። በኢትዮጵያ ከሚረቡት የተሻሻሉ ዶሮዎች መካከል ሳሶ የሚባለው ዘር የተገኘው ከፈረንሳይ፥ ቦቫንስ ብራውን ከሆላንድ፥ ሎማን ብራውን ከጀርመን ነው። ስለዚህ በነዚያ አገሮች ኩሬ ላይ የሚሆነው ነገር፥ ቦሌ ላይ በሚራገፈው የጫጩት ሣጥን ላይ ሊደርስ ይችላል።

ኤች5ኤን1 በመባል የታወቀው የወፍ ጉንፋን በ1996 እ.ኤ.አ. በደቡብ ቻይና፥ በጓንግዶንግ አውራጃ፥ በዝይ ላይ ተገኘ። በተከታዩ ዓመት በሆንግ ኮንግ 18 ሰዎችን ይዞ 6ቱን ገደለ። በ2005 እ.ኤ.አ. በቻይና በቺንግሃይ ሐይቅ ብዙ የዱር ዝዮችን ከፈጀ በኋላ ወደ አውሮጳ ዘለቀ፤ በ2006 እ.ኤ.አ. መጀመሪያም ናይጄሪያ ገባ። በሽታው ዶሮን የሚገድለው እንደ ፈንግል በድንገት ስለ ሆነ፥ ሁለቱን በዐይን ብቻ ለመለየት ያስቸግራል።

ዳክዬ ግን ከዶሮ ይለያል። ይልቁንም ጭንቅላቱ አረንጓዴ የሆነው፥ ፈረንሳዮች «ኮልቨር» የሚሉት ዳክዬ፥ ቫይረሱን በሆዱ ይዞ አንዳች የሕመም ምልክት ሳያሳይ ሊዋኝና ሊበላ ይችላል። ከኩሱ ጋር የሚወጣው ቫይረስም በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ለብዙ ቀናት ይቆያል። ጠሪው ዳክዬ ሌሊቱን ከዱር ዳክዬ ጋር በአንድ ውኃ ላይ አድሮ፥ ሲነጋ በቅርጫት ተጭኖ ወደ አዳኙ ግቢ ይመለሳል። በግቢው ዶሮዎች ቢኖሩ፥ ወይም አዳኙ በዚያው ጫማ ወደ ዶሮ እርባታ ሥራው ቢሄድ፥ የዱሩና የቤቱ ወፍ ተገናኙ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ትላልቅ የዶሮ ዘር ኩባንያዎች ሠራተኞቻቸው በየቤታቸው ዶሮም ሆነ ዳክዬ እንዳያኖሩ መከልከልን ልማድ አድርገውታል። ለአዳኝ ሠራተኛ ይህ ከባድ ትእዛዝ ነው፤ ለኩባንያው ግን ከዚህ የረከሰ ጥንቃቄ አይገኝም።

የአደን ሥጋም ያው አደጋ አለበት። በታኅሣሥ 2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በዋሽንግተን ክፍለ አገር፥ አዳኞች የገደሉትን የዱር ዳክዬ የተመገበ አንድ የቤት ጭልፊት በወፍ ጉንፋን ሞቶ ተገኘ። ወረርሽኙ ከዚያ ጭልፊት ተነሣ አይባልም፤ ነገር ግን ምልክቱ ቀድሞ የታየው በአዳኝ እጅ ካለፈ ወፍ ላይ ነበር። እስከ 2015 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ድረስ በዚያች አገር ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጉ ዶሮዎችና ተርኪዎች ሞተዋል ወይም እንዲወገዱ ተደርገዋል።

እንግዲህ ዳክዬ ሳይታመም የሚያስታምም ከሆነ፥ የሞተ ወፍ እስኪገኝ መጠበቅ አይበቃም። የእንስሳት ሐኪሙ ከጉሮሮውና ከኩስ መውጫው በጥጥ ናሙና ወስዶ ወደ ላቦራቶሪ ይልካል። በፈረንሳይ የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው በብርታኝ አውራጃ በፕሉፍራጋን የሚገኘው የመንግሥት ላቦራቶሪ ነው። ስንት ወፍ ይመርመር ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሒሳብ ነገር ነው። በመንጋው ውስጥ ከመቶ አሥሩ ቫይረሱን ቢይዙ፥ ያለ ምርጫ 30 ወፍ ቢመረመር ቢያንስ አንዱን የማግኘቱ ዕድል ከመቶ 95 ያህል ነው። የያዙት ከመቶ አምስት ብቻ ቢሆኑ ግን ያንኑ ያህል ለመተማመን 60 ወፍ መመርመር ያስፈልጋል። ስለዚህ «ተመርምሮ ንጹሕ ሆነ» የሚል ወረቀት የሚቀበል ነጋዴ፥ ስንት ወፍ እንደ ተመረመረና በየትኛው ቀን እንደ ተመረመረ ቢጠይቅ እንደ ተጠራጣሪ ሊቆጠር አይገባውም።

ጠሪው ዳክዬ ለአደጋ የቀረበ መሆኑ፥ ራሱ ለጥበቃ ይጠቅማል። ከ2006 እ.ኤ.አ. በኋላ በነበሩት ዓመታት የጀርመን፥ የኦስትሪያና የስዊስ ሊቃውንት ኮልቨር ዳክዬዎችን የዱር ወፎች በሚያርፉበት ስፍራ በአጥር ውስጥ አኑረው በየጊዜው ይመረምሯቸው ነበር። በዳክዬዎቹም ላይ የተለያዩ የጉንፋን ቫይረሶች ስለ ተገኙ፥ እንደ ዘበኛ ሊያገለግሉ መቻላቸው ታወቀ። የፈረንሳይ አዳኝም ጠሪዎቹን ለአዳኞች ማኅበር የማስመዝገብ ግዴታ አለበት፤ መንግሥት አደጋው ከፍ ብሏል ብሎ ባስታወቀ ጊዜም ጠሪዎችን ከስፍራ ወደ ስፍራ ማጓጓዝ በጥብቅ ይወሰናል።

ለንግድ ዋናው ጉዳይ ግን የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ደንብ ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የተቋቋመው ይህ ድርጅት፥ በዱር ወፍ ላይ በሽታው ስለ ተገኘ ብቻ አንድ አገር የሌላውን አገር ዶሮ እንዳያግድ ይመክራል። በእርባታ ዶሮ ላይ ሲገኝ ግን እገዳው ይፈቀዳል። ታዲያ ለአደን የተረባ ዳክዬ ከየትኛው ይቆጠራል? ደንቡ እንደሚለው፥ ለአደን እንዲለቀቅ የሚረባ ወፍ ከእስራቱ እስኪለቀቅ ድረስ የእርባታ ወፍ ነው፤ ከተለቀቀ በኋላ ግን የዱር ነው። አንዱ ዳክዬ ማክሰኞ የአገር ንግድ ሊያዘጋ ሲችል፥ ረቡዕ ተለቅቆ በኩሬ ሲዋኝ ያንን ሥልጣን ያጣል። ነገሩ ለሚሰማው ያስቃል፤ ሳጥኑ በአውሮፕላን ጣቢያ ለቀረበት አስመጪ ግን አያስቅም።

በአውሮጳ ኅብረት ሕግ መሠረት በሽታው በእርባታ ቦታ ሲገኝ በዙሪያው የ3 ኪሎ ሜትር የመከላከያና የ10 ኪሎ ሜትር የመቆጣጠሪያ ክልል ይታወጃል። ከዚያ ክልል ያለ ልዩ ፈቃድ ጫጩትም እንቁላልም አይወጣም። ገዢው አገር ክልሉን ብቻ ለማገድ ከተስማማ የቀረው የፈረንሳይ ክፍል ንግዱን ይቀጥላል፤ ካልተስማማ ግን ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው ንጹሕ መፈልፈያ አብሮ ይዘጋል።

ፈረንሳይ የዚህን ዋጋ በሚገባ አይታዋለች። በ2021–22 እ.ኤ.አ. ወራት በሽታው ከ1,300 በላይ በሆኑ እርባታዎች ተገኝቶ ከ15 ሚሊዮን የሚበልጡ ወፎች ተወገዱ። መንግሥት በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. የእርባታ ዳክዬዎችን በግዴታ ማስከተብ ጀመረ፤ በዚያው የክረምት ብርድ ወራት በሽታው የተገኘባቸው እርባታዎች ወደ 10 ያህል ብቻ ሆኑ። ይሁን እንጂ የአሜሪካ መንግሥት፥ የተከተበ ዳክዬ ቫይረሱን ሳይታወቅ ይዞ ሊገኝ ይችላል በማለት፥ ወዲያው የፈረንሳይን ዶሮና ዳክዬ አገደ። ፈረንሳይ ለዚህ የሰጠችው መልስ የተከተቡትን መንጋዎች በየጊዜው መመርመርና ውጤቱን ለገዢዎች ማሳየት ነው።

የአዲስ አበባ ባለሱቆችም ወሬ ብቻ ምን ያህል እንደሚጎዳ ያስታውሳሉ። በ1998 ዓ.ም. በሽታው በኢትዮጵያ ሳይገኝ፥ ፍርሃቱ ብቻ ብዙ ሰዎችን ዶሮ ከመብላት አግዶ የዶሮ ዋጋ ወርዶ ነበር። ከአውሮጳ የሚሰደዱ ዳክዬዎች በዝዋይና በሌሎቹ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የሚከርሙ ስለ ሆነ፥ ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ጫጩት የሚያስመጣ ነጋዴ እንግዲህ ከሻጩ ጋር ሲዋዋል፥ መፈልፈያውና የወላጆቹ መንጋ የሚገኙበትን አውራጃ፥ ክልሉ ቢዘጋ ከሌላ አውራጃ ለመላክ መቻሉን፥ ገንዘቡም የሚመለስበትን ሁኔታ በጽሑፍ ማስፈር ይበጀዋል። የጤንነት ምስክር ወረቀቱ ከግብርና ሚኒስቴር ፈቃድ ጋር መስማማቱም አስቀድሞ መታየት አለበት። ጫጩት ከተፈለፈለ በኋላ ከአስኳሉ በቀረለት ስንቅ ያለ ምግብ ሊቆይ የሚችለው ቢበዛ 72 ሰዓት ያህል ነው፤ በወረቀቱ ላይ ጉድለት ቦሌ ቢገኝ የሚታረምበት ጊዜ አይኖርም። ጥያቄው መቅረብ ያለበት እንቁላሉ ወደ መፈልፈያው ከመግባቱ አስቀድሞ፥ ማለት ጫጩቱ ከሚወጣበት ከ21 ቀን በፊት ነው።