ጎንደር በነሐሴ

«በክረምት ደግሞ ጎንደር ምን ይሠራል?» ይሉኛል። ጎንደርን ሰው የሚያውቃት በጥር ነው። ጥምቀት ሲቃረብ አልጋ ይጠፋል፣ የተገኘውም ዋጋው ሰማይ ይነካል፣ በግንቡ ደጃፍ ፎቶ ለመነሳት ትከሻ ለትከሻ መገፋፋት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሲገቡ ግን ከተማዋ ለነዋሪዋ ትቀራለች። እኔ የምወዳት ያኔ ነው።

አፄ ፋሲለደስ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1636 የቆረቆሯት መሆኑን፣ የፋሲል ግቢም በ1979 በዓለም ቅርስነት መመዝገቡን ከትምህርት ቤት ጀምሮ ስንሰማው ስለኖርን እዚያ ላይ አልቆይም። ዝናቡም ቢሆን የሚፈራውን ያህል አይደለም። የራሱ አመል አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው። ጧት 2 ሰዓት ግቢው ውስጥ የተገኘ ሰው ሣሩ ገና ጤዛውን ሳያራግፍ፣ ድንጋዩ በበጋ አቧራ ሳይደበዝዝ ያየዋል። ከምሳ በኋላ ሰማዩ ሲጠቁር ቡና ቤት መግባት ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ፤ የፋሲል መዋኛ።

ከአዲስ አበባ የመጡ ወጣቶች አንድ ነሐሴ እዚያ አጋጥመውኝ ነበር። አንደኛው ጠርዙ ላይ ቆሞ ወደ ታች አየና ተናደደ። «አገሩ ሁሉ በጎርፍ ተጥለቅልቆ ይኼ እንዴት ደረቅ ይሆናል? አላግባብ አስከፈሉን!» አለ። ከዛፍ ሥር ጋቢያቸውን ደርበው የቆሙ አንድ ሽማግሌ ሳቁ። «ልጄ፣ ዝናብ ምኑን ይሞላዋል! ይኼ ውሃ እኮ ሲጠሩት ነው የሚመጣ» አሉት።

ነገሩ እሳቸው እንዳሉት ነው። መዋኛው በሰማይ ውሃ የሚሞላ ኩሬ አይደለም። ውሃው ከቀሃ ወንዝ በቦይ ተስቦ የሚገባው ለጥምቀት ሲባል ነው፤ በዓሉ ካለፈ ይለቀቃል። ስሙ «መዋኛ» ስለሆነ፣ በቴሌቪዥን የምናየውም ወጣቶች ዘለው ሲገቡ ስለሆነ፣ ዓመቱን ሙሉ ሞልቶ የሚጠብቀን ይመስለናል። እንዲያውም ባሕረ ጥምቀት ብንለው ከዛሬ ሥራው ጋር ይስማማ ነበር።

ደረቅ መሆኑ ጉዳት ነው የሚል ካለ አልስማማም። መካከሉ ላይ ያለው ፎቅ ቤት በጥር ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። ያምራል፤ ግን እግሩ አይታይም። በነሐሴ ውሃው ስለሌለ የቆመበት ቅስት ሁሉ ይገለጣል፤ ያ ሁሉ ክብደት በምን ላይ እንዳረፈ፣ ድልድዩ ከዳር ወደ ቤቱ እንዴት እንደተሻገረ ጠርዙን እየዞሩ ማጥናት ይቻላል። ወለሉ ላይ የምታገኙት ትንሽ የዝናብ ውሃና ሣር ብቻ ነው። እኔ በጥር ሦስት ጊዜ ሄጄ ያላየሁትን ግንባታ ያየሁት በአንድ የነሐሴ ጧት ነው።

ዛፎቹም አሉ። ሥራቸው የአጥሩን ድንጋይ እንደ እጅ ጣት ጨብጦ ይዞታል፤ ዝናብ ሲመታው ይጠቁርና ከግንቡ መለየት ያቅታል። እባካችሁ እዚያ ላይ አትውጡ። ሥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ፎቶ መነሳት ፋሽን ሆኗል፤ ጭቃ ባለው ጫማ የሚወጣ ደግሞ ድንጋዩንም ራሱንም ይዞ ሊወርድ ይችላል።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ለሚሄድ ሁለት ምክር አለኝ። አንደኛው ካልሲ ነው፤ ጫማ ደጅ ስለሚወልቅ በክረምት ደረቅ ካልሲ በኪስ መያዝ ከጃንጥላ ይበልጣል። እኔ አንዴ በራሰ ካልሲ ገብቼ ጣሪያው ላይ የተደረደሩትን ባለ ትልልቅ ዓይን መላእክት ሳይ በብርድ እንደተንቀጠቀጥኩ አለሁ። ሁለተኛው ሰዓት ነው። ውስጡ ጨለም ያለ ስለሆነ ደመና ከሞላ ሥዕሉ አይታይም፤ ጧት ፀሐይ ወጣ ስትል ግቡ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ደግሞ ፍልሰታ ነው። ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚሆን ያን ጊዜ ካሜራ አንግቦ መንጎራደድ ነውር ነው፤ ወይ አስቀድሱ፣ ወይ ጧት መጥታችሁ ሂዱ። ለሆዳችሁ አታስቡ፤ ሽሮውና በያይነቱ በጾም ወር ይበልጥ ይጣፍጣል።

ቁስቋምም አለላችሁ፤ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ነው። መንገዱ ያዳልጣል፣ ቀስ በሉ። ሰሜን ተራራን ግን ለጥቅምት አቆዩት፤ በነሐሴ ጉም እንጂ ገደል አታዩም።

በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ የጧቱን በረራ ምረጡ። ሆቴል ስትደውሉ ዋጋ ተከራከሩ፤ ክረምት ነው፣ ይቀንሱላችኋል። ከሁሉ በፊት ግን፣ ክረምትም ይሁን በጋ፣ የአካባቢውን ሰላምና የመንገዱን ሁኔታ እዚያው ካለ ዘመድ ጠይቁ። ደህና አይደለም ካላችሁ ቅሩ፤ ግንቡ የትም አይሄድም።

የመዋኛውን ውሃ ማየት ያማራችሁ ደግሞ ለጥር 10 አልጋ ከአሁኑ ያዙ።