ጭድን የሚሰፋ ክር

አዲስ ቴሌቪዥን ከካርቶኑ ሲወጣ ዳርና ዳሩን ደግፎ የያዘው ነጭ ፎም ሥራው የሚያበቃው ካርቶኑ በተከፈተበት ደቂቃ ነው። ከነዳጅ ዘይት ተሠርቶ፣ አንዴ አገልግሎ ይጣላል፤ አፈር ግን አይበላውም። በአሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት፣ ግሪን አይላንድ ላይ የሚገኘው ኢኮቬቲቭ የተባለ ኩባንያ ይህን ፎም የሚተካ ዕቃ ያበቅላል። “ያመርታል” ያላልኩት ሆነ ብዬ ነው።

ከመሥራቾቹ አንዱ ኤበን ቤየር ያደገው ቬርሞንት ውስጥ፣ እርሻ ላይ ነው። ከልጅነት ሥራዎቹ አንዱ የእንጨት ፍልጥፋጭ በአካፋ መዛቅ ነበር። አንዳንዴ ፍልጥፋጩ እርስ በርሱ ተያይዞ አልዛቅ ይላል፤ ያያያዘው ደግሞ ከፀጉር የቀጠነ ነጭ ክር ነው። እንጉዳይ ብለን የምንለቅመው ወይም የጅብ ጥላ ብለን የምንሸሸው፣ ከአፈር ብቅ የሚለው ክፍል ፍሬው ብቻ ነው። ዋናው አካል ከሥር የሚሰራጨው ይህ ክር ነው፤ ባለሙያዎች ማይሲሊየም ይሉታል። ቤየር በሬንሰሌር ፖሊቴክኒክ ተማሪ ሳለ ያን የልጅነት ነገር አስታወሰ፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ከትምህርት ቤት ጓደኛው ከጋቪን ማኪንታየር ጋር ኩባንያውን አቋቋሙ።

የጭቃ ቤት ሲመረግ ያየ ሰው አሠራሩ አይጠፋበትም። ጭድ ጭቃውን ያያይዘዋል። እዚህ ግን የሚያያዘው ራሱ ጭዱ ነው። የበቆሎ አገዳ ወይም ሌላ የእርሻ ተረፈ ምርት ይከተፋል፤ ሌላ ሻጋታ ቀድሞ እንዳይገባበት በሙቀት ይጸዳል፤ እርሾ ሊጥ ላይ እንደሚጣል ሁሉ ማይሲሊየም ይጨመርበትና በሚፈለገው ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይጠቀጠቃል። ከዚያ በኋላ የሰው ድርሻ መጠበቅ ብቻ ነው። ክሩ ብርሃን አይሻም። አገዳውን እየበላ በየክፍተቱ ይገባል፣ ይጠላለፋል፣ ይሰፋዋል። ጥንካሬው ከኪቲን ነው፤ የጢንዚዛ ቅርፊት የተሠራበት ነገር። ሳምንት ያህል ቆይቶ ከማውጫው የወጣው ዕቃ በሙቀት ይደርቃል። በግልጽ ቋንቋ፣ ሠራተኛው ሥራውን እንደጨረሰ ይገደላል፤ አለዚያ ማደጉን ይቀጥል ነበር። ተጠቃሚው ሰባብሮ እርጥብ አፈር ውስጥ ቢቀብረው በወራት ውስጥ ብስባሽ ይሆናል።

ሐሳቡ ቶሎ ወዳጅ አገኘ። በ2008 ከኔዘርላንድስ የ500,000 ዩሮ ሽልማት መጣ፤ በ2011 ኮምፒውተር ሠሪው ዴል ዕቃውን ለማሸጊያ መጠቀም ጀመረ። በ2014 ደግሞ ኒውዮርክ ኩዊንስ ውስጥ፣ በሞማ ፒኤስ 1 ሙዚየም ግቢ፣ ከዚሁ ዕቃ በተበጀ ጡብ የተሠራ ግንብ ለጥቂት ወራት ቆመ። ጡቡ 10,000 ያህል ነበር። ከዚያ ፈርሶ አፈር ሆነ።

ይሁንና አስቸጋሪው ጉዳይ ከሳይንሱ ይልቅ ዋጋው ይመስለኛል። ፎም ርካሽ ነው፤ ማሽን በደቂቃዎች የሚያወጣውን ክሩ በቀናት ነው የሚያደርሰው። ለሚጣል ነገር ደግሞ ብዙ የሚከፍል የለም። ውድ የሆነውን ቆዳ የመተካት ሙከራም በቀላሉ አልተሳካም፤ ቦልት ትሬድስ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ከማይሲሊየም የሚያበቅለውን ማይሎ የተሰኘ ሰው ሠራሽ ቆዳ አዲዳስና የፋሽን ዲዛይነሯ ስቴላ ማካርትኒ ደግፈውት እያለ፣ ገንዘብ ስላጠረው በ2023 ማምረቱን አቆመ።

ኢኮቬቲቭ ፊቱን ወደ ሌላ ገበያም አዞረ፤ ወደ ምግብ። እህት ኩባንያው ማይፎረስት ፉድስ ማይሲሊየሙን በወፍራሙ አብቅሎ፣ በስሱ እየቆረጠ ቤከን አድርጎ በአሜሪካ ሱቆች ይሸጣል። ከካርቶን ውስጥ ለሚጣል ነገር ሳንቲም የሚቆጥር ሰው ለቁርሱ እጁን ይፈታል። ሥጋም ወተትም የለበትምና ለጾምም ይሆናል፤ ስሙ የአሳማ ሥጋ ስም መሆኑን የንስሐ አባት እንዴት እንደሚያዩት ግን እንጃ።